የሕፃንነት ዝና

የሰው ዓይን በሕፃን ላይ ቶሎ ያርፋል፤ ሕፃኑ ባደገ ጊዜ ደግሞ ቶሎ ይነሣል። ለዚህ ነገር ታሪክ ብዙ ምስክር አለው። ለእኛ ለፎገራና ለጣራ ገዳም አካባቢ ሰዎች ግን ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ በሚያደርሰን በደብረ ታቦር፣ በ1853 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ተወለደ።

ዓለማየሁ ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አባቱ በመቅደላ ላይ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ፣ አንድ ወር ያህል ቆይተው በመንገድ አረፉ። ሕፃኑም አባትና እናት የሌለው ሆኖ ባሕር ተሻገረ።

በእንግሊዝ አገር ግን ዝነኛ ሆነ። ንግሥት ቪክቶሪያ በኦዝቦርን ቤታቸው ተቀበሉት፤ በፎቶግራፍ ሥራዋ የታወቀችው ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የሀገሩን ልብስ እንደ ለበሰ ሥዕሉን አነሣችው። አማርኛ የሚያውቀው፣ ሐበሾችም «ባሻ ፈለቀ» ይሉት የነበረው ካፒቴን ስፒዲ ሞግዚቱ ሆኖ እስከ ሕንድ አገር ይዞት ሄደ። ልጁም እጅግ ወደደው። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ መንግሥቱ፣ ልጁ በእንግሊዝ አገር ይማር ብሎ ከወዳጁ ለየው።

ከዚህ በኋላ ያ ሁሉ ሰው ያየው ሕፃን ጐረምሳ ሆነ። በቸልተንሃም፣ ቀጥሎም በራግቢ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ ሆኖም ትምህርቱ አልቀናውም። በመጨረሻ ሊድስ በሚባል ከተማ በአስተማሪው ዘንድ ሳለ በሳንባ ሕመም ታመመ፤ በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ አረፈ። በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1999 ዓ.ም. ዐፅሙ ይመለስ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ሲል ጥያቄውን አልተቀበለም።

አሁን ደግሞ ሌላ ሕፃን እንመልከት። በአሜሪካ የፊልም ከተማ በሆሊውድ ሸርሊ ቴምፕል የምትባል ልጅ ነበረች። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1935 እስከ 1938 ድረስ በሀገርዋ ሲኒማ ቤቶች ከአዋቂዎቹ ተጫዋቾች ሁሉ ይልቅ ተመልካች የምትስብ እርስዋ ነበረች። በ1940 ዓመትዋ ወደ 12 ሲደርስ ግን ፊልሞችዋ ገበያ አጡ፤ ከኩባንያዋም ወጣች። የወጣት ልጃገረድ ሆና በሌሎች ፊልሞች ብትጫወትም የቀድሞው ክብር አልተመለሰም። ሕዝቡ የወደደው ትንሽነትዋን ነበርና። በ1950፣ ገና በ22 ዓመትዋ፣ የፊልም ሥራን ተወች። ኋላም በጋና፣ ቀጥሎም በቼኮዝሎቫኪያ የሀገርዋ አምባሳደር ሆነች።

የሁለቱ ዕጣ ስለምን ተለያየ ቢባል፣ ሸርሊ ወላጆችዋና ሀገርዋ አብረዋት ነበሩ፤ ጭብጨባው ሲቆምም ሌላ መንገድ የምትመርጥበት ዕድሜና ፈቃድ ነበራት። ዓለማየሁ ግን በየት እንደሚኖርና ምን እንደሚማር ሁልጊዜ ሌሎች ቈረጡለት። ሕፃንነቱን ያደነቁ ብዙዎች ነበሩ፤ ጐረምሳነቱን «ምን ትወዳለህ?» ብሎ የጠየቀው ግን ጥቂት ነው።

በማስተማር በቆየሁባቸው ዓመታት ይህንኑ በትንሹ አይቻለሁ። በትምህርት መዝጊያ በዓል ግጥም እያነበነበ እልልታ የሚቀበል የስምንት ዓመት ልጅ፣ ድምፁ ሲጐረንን ማንም አይጠራውም። አንዳንዱ አኩርፎ ትምህርቱን ይተዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ማንም ሳያየው መጽሐፉን ገልጦ ይቀመጣል። ሙያ በልብ ነው ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ስለ ዕድሜህ የተሰጠህ ምስጋና ከዕድሜህ ጋር ያልፋል፤ ስለ ሥራህ የተሰጠህ ግን ከሥራህ ጋር ይኖራል። ዛሬ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያለህ እንደ ሆነ፣ በእንግዳ ፊት ስታዘፍነው ደስ ይበልህ፤ ባደገና እንግዳው በረሳው ጊዜ ግን አንተ አትርሳው።