«የመኪናዎ ዋራንቲ ሊያልቅ ነው»፦ ኤክስቴንድድ ዋራንቲ የቱን ይሸፍናል፣ የቱን አይሸፍንም?

አሜሪካ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን ይቺን ጥሪ ታውቋታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ቡድን ብቻውን በ3 ወር ውስጥ ከ5 ቢሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ጥሪ አድርጓል፤ የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2023 ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶታል። እንደዚህ ሲደወልላችሁ ዝጉት።

እውነተኛው ኮንትራትም ቢሆን ስሙ ያሳስታል። አዲስ መኪና ይዞት የሚመጣው የፋብሪካ ዋስትና ዋጋው ውስጥ ያለ ነው። ቶዮታ ለምሳሌ አጠቃላዩን ለ3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፣ ሞተርና ካምቢዮን ለ5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ይሸፍናል፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። ኤክስቴንድድ የሚባለው ግን ለብቻው የሚከፈልበት የጥገና ውል ነው።

ውሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሚሸፍናቸውን እቃዎች ይዘረዝራል፤ እዚያ ያልተጻፈ ሁሉ ከኪሳችሁ ነው። ሌላው የማይሸፍነውን ይዘረዝራል፤ ሰፋ ያለ ነው፣ ይወደዳልም። በሁለቱም በአብዛኛው የሚከፈለው ለተበላሸ እንጂ በአገልግሎት ላለቀ እቃ አይደለም። የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የዝናብ መጥረጊያ የሉበትም። ግጭት የኢንሹራንስ ነው። ዘይት በጊዜው መቀየራችሁን የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ የሞተር ጥያቄያችሁ ውድቅ ሊደረግ ይችላል፤ ደረሰኙን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ኡበርና ሊፍት የምትነዱ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ብዙ ውሎች መኪናው ለንግድ ሥራ ከዋለ አንከፍልም ይላሉ፤ ሰው ጭኖ ገንዘብ መቀበልም ንግድ ነው። ወርሃዊውን ስትከፍሉ ማንም አይጠይቃችሁም፣ ካምቢዮው የወደቀ ቀን ግን ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ በተጨማሪ ክፍያ ይፈቅዳሉ። ሻጩ «ችግር የለውም» ካላችሁ ውሉ ላይ ያሳያችሁ። በማስታወቂያ መተማመንማ አይሆንም፤ ካርሺልድና አጋሩ በአታላይ ማስታወቂያ ተከሰው በ2024 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል።

ጋራዥ ስትገቡ መካኒኩ ሥራ ሳይጀምር ኩባንያው ጋ ደውሎ ፈቃድ ይውሰድ፤ ያለፈቃድ የተሠራውን አብዛኞቹ አይከፍሉም። ሞተር ተፈቶ ብልሽቱ ካልተሸፈነ የመፍቻው ሒሳብ የእናንተው ነው።

ከገዛችሁ በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ብዙዎቹን ውሎች ማሰረዝ ይቻላል፣ ከቀሪው ጊዜ የሚመለስ ገንዘብም አለ። በመኪናው ብድር ውስጥ ተደምሮ ከነበረ ግን ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ወደ አበዳሪው ነው፣ ዕዳችሁ ላይ ይቀነሳል።