ሰመራ ሎጊያ፦ የአንድ የበረሃ ከተማ ታሪክና እድገት

ሰመራ ሎጊያ የአፋር ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ርዕሰ ከተማ ነው። ከተማው ኢትዮጵያን ከጅቡቲ ወደብ ጋር በሚያገናኘው ዋና አውራ ጎዳና ላይ፣ በአዋሽ ወንዝ የታችኛው ተፋሰስ ይገኛል። ከሐርቡና ከኮምቦልቻ የተነሣ መንገደኛ በደጋንና በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ሲወርድ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሞቃታማው ወቅት የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው።

የመንገዱ ታሪክ

አካባቢው ከከተማው ምሥረታ በፊት የአውሳ ሱልጣኔት ግዛት የነበረ ሲሆን፣ በኋላም በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ሲተዳደር ቆይቷል። የወሎ ደጋና የአፋር ቆላ ነዋሪዎች የሚገናኙበት ዋነኛ ስፍራ በየሳምንቱ ሰኞ የሚቆመው የባቲ ገበያ ነበር። ከበረሃው ግመል፣ ፍየልና አሞሌ ጨው ይወጣል፤ ከደጋው እህልና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይወርዳል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የሚወስደው የመኪና መንገድ መሠራቱ ይህንን የግመል መስመር ወደ ጭነት መኪና መስመር ለወጠው። በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የተንዳሆ የጥጥ እርሻ ዱብቲንና አካባቢውን የሠራተኛ መናኸሪያ አደረገ። ሎጊያም የአሽከርካሪዎች ማረፊያ፣ የምግብ ቤትና የጋራዥ መንደር ሆና አደገች። ስሟን ያገኘችው በአጠገቧ ከሚያልፈው የሎጊያ ወንዝ ነው።

በ1990 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የአሰብን ወደብ ከአገልግሎት ውጭ ሲያደርግ፣ የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞረ። መንገዱ ግን አሁንም በሎጊያ ማለፉን ቀጠለ፤ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት ከባድ ተሽከርካሪዎች መብዛታቸውም ለከተማዋ አዲስ የእድገት ምክንያት ሆነ።

ከአሳይታ ወደ ሰመራ

የአፋር ክልል ሲቋቋም መቀመጫው ጥንታዊቷ የአውሳ ከተማ አሳይታ ነበረች። አሳይታ ከዋናው አውራ ጎዳና ርቃ መገኘቷ ለአስተዳደርና ለአገልግሎት አሰጣጥ ምቹ ባለመሆኑ፣ በመንገዱ ዳር በፕላን የሚመራ አዲስ ከተማ እንዲቆረቆር ተደረገ። ሰመራ በዚህ መልክ ባዶ በነበረ ሜዳ ላይ የተመሠረተች ናት። የክልሉ ቢሮዎች፣ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሰመራ ዩኒቨርሲቲ፣ በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ስም የተሰየመው አውሮፕላን ማረፊያና የኢንዱስትሪ ፓርኩ በየተራ ተገንብተዋል።

በሰመራና በሎጊያ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው በሰመራ እየሠራ በሎጊያ ይኖራል፤ ነጋዴው በሎጊያ እየነገደ ጉዳዩን በሰመራ ያስፈጽማል። በመሆኑም ሁለቱ ከተሞች በአንድ የከተማ አስተዳደር ሥር እንዲሆኑ ተደርጓል። ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ፣ ከሐርቡና ከሌሎች የወሎ አካባቢዎች ለሥራና ለንግድ የመጡ ዜጎችም የከተማው ነዋሪ አካል ናቸው።

ውሃና ጎርፍ

የበረሃ ከተማ እድገት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው በውሃ ነው። በአካባቢው ዝናብ እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ የከርሰ ምድር ውሃውም በአንዳንድ ቦታ ሙቅና ጨዋማ ነው። ከተማው ባደገ ቁጥር የውሃ አቅርቦቱ አብሮ ማደግ ይኖርበታል።

በሌላ በኩል፣ ዝናብ ያልጣለበት በረሃ በጎርፍ ሊጠቃ ይችላል። በሐርቡ አካባቢ የሚያልፈው ቦርከናና ከወሎ ደጋ የሚነሣው ሚሌ ወንዝ የአዋሽ ገባሮች ናቸው። በክረምት ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ከቀናት በኋላ በቆላው ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. አዋሽ ከመጠን በላይ ሞልቶ በአሳይታ፣ በዱብቲና በሌሎች ወረዳዎች በርካታ ነዋሪዎችን ማፈናቀሉ ይታወሳል። ስለሆነም በወንዝ ዳርና በደረቅ የጎርፍ መውረጃ ላይ ቤት መሥራት፣ ቦታው በበጋ ምንም ያህል ደረቅ ቢመስል፣ ለሕይወት አደገኛ ነው።

የግጦሽ መሬትና የከተማ መስፋፋት

ለከተማ ግንባታ የሚውለው ሜዳ ለተመልካች ባዶ ቢመስልም፣ ለአርብቶ አደሩ የግጦሽ ቦታና የከብት መተላለፊያ ነው። የአፋር አርብቶ አደር ከእንጨትና ከሰሌን የሚሠራ ቤቱን በግመል ጭኖ ዝናብን ተከትሎ ስለሚንቀሳቀስ፣ በአንድ ወቅት በቦታው አለመታየቱ ቦታውን ትቶታል ማለት አይደለም። የእርሻ ልማት መስፋፋትና ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ መዛመት የግጦሽ መሬቱን አስቀድመው አጥብበውታል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት መሆኑንና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ይኸው አንቀጽ አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት በሚለቀቅበት ጊዜ ካሳ ስለሚከፈልበትና ተነሺዎች መልሰው ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ ደንግጓል፤ ድንጋጌው የወል ይዞታንም ይመለከታል።

ተገልጋዮች ሊገነዘቧቸው የሚገቡ ነጥቦች

• በከተማው ቦታ ማግኘት የሚፈልግ ዜጋ ሕጋዊውን የሊዝ ሥርዓት ተከትሎ ለከተማ አስተዳደሩ የመሬት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይኖርበታል። በመንደር ውል የተገዛ ባዶ መሬት የባለይዞታነት መብት አያስገኝም።
• ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የግንባታ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። በዚሁ ወቅት ቦታው ከጎርፍ መውረጃ ነጻ መሆኑን መጠየቅ ይገባል።
• መሬት እንዲለቅ የተጠየቀ ባለይዞታ ማስታወቂያው በጽሑፍ እንዲደርሰው የመጠየቅ፣ በካሳው ካልተስማማም አቤቱታውን ለሚመለከተው አካል የማቅረብ መብት አለው።
• በወል ይዞታ የሚጠቀሙ አርብቶ አደሮች በጎሳ መሪዎቻቸውና በቀበሌ አስተዳደራቸው አማካይነት አቤቱታቸውን በጋራ ሊያቀርቡ ይችላሉ።