ኢንፍሉዌንዛ ለምን ይመላለስብናል?

«ኩፍኝ አንዴ የያዘው ሰው ዳግመኛ አይያዝም፤ ኢንፍሉዌንዛስ ለምን ይመላለስብናል?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። መልሱ ያለው ቫይረሱ የዘር መልእክቱን በሚለውጥባቸው ሁለት መንገዶች ላይ ነው።

የመጀመሪያው አዝጋሚ ነው። ቫይረሱ ሲባዛ አር ኤን ኤው ላይ የሚፈጠሩ ስህተቶችን የሚያርምበት ስልት የለውም። ስህተቶቹ ሲጠራቀሙ በላዩ ያሉት ፕሮቲኖች መልካቸውን ስለሚቀይሩ፣ ሰውነታችን ቀደም ሲል ያዘጋጀው መከላከያ በደንብ አይለያቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባቱን ይዘት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚከልሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ድንገተኛ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ኤ የዘር መልእክት በ8 ቁርጥራጮች የተከፋፈለ ነው። ሁለት ዓይነት ቫይረሶች በአንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙ ቁርጥራጮቹ ተቀላቅለው አዲስ ዝርያ ሊወለድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1957 ወረርሽኝ ያስነሳው ቫይረስ 3 ቁርጥራጮች፣ የ1968ቱ ደግሞ 2 ከአዕዋፍ ቫይረስ ወስደዋል። በ2009 ዓለምን ያዳረሰው ኤች1 ኤን1 የአሳማ፣ የአዕዋፍና የሰው ቫይረሶች ቅልቅል ነበር።

በአገራችን «የኅዳር በሽታ» የተባለው የ1911 ዓ.ም. እልቂት መንስኤም ኢንፍሉዌንዛ ኤ ነው። ስለዚህ «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ብሎ መናቅ አደገኛ ነው እላለሁ። በተለይ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የልብና የስኳር ሕሙማን ክትባቱን ማግኘት ከቻሉ «አምና ተከትቤያለሁ» ብለው መተው የለባቸውም። የአምናው ክትባት የተዘጋጀው ለአምናው ቫይረስ ነውና።