የአኪል ሐዲድ፦ ከባቡር መንገድነት ወደ ብስክሌት ጐዳናነት

አንድ መንግሥት መንገድ ሲሠራ መንገዱ ወዴት እንደሚደርስ ያውቃል፤ ማንን እንደሚወስድና ምን ይዞ እንደሚመለስ ግን አስቀድሞ ማወቅ አይቻለውም። ይህን ከሚያስረዱት ምሳሌዎች አንዱ በምዕራብ አየርላንድ፥ በማዮ አውራጃ፥ ከዌስትፖርት ከተማ ተነሥቶ እስከ አኪል ደሴት ደጃፍ የሚዘልቀው የቀድሞ የባቡር መንገድ ነው። ዛሬ በዚህ መንገድ ላይ ባቡር አያልፍም፤ አውቶሞቢልም አይነዳበትም። በከተሞች አጠገብና በመሻገሪያዎች ካልሆነ በቀር፥ 42 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ርዝመቱ ለብስክሌተኛና ለእግረኛ የተለየ ጐዳና ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ማዮ ድንጋይና ረግረግ የበዛበት፥ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ነፋስ የማይለየው አገር ነው። የድኻው ሕዝብ ምግብ ድንች ነበርና፥ ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ ተክሉን በሽታ በመታው ጊዜ እጅግ ከተጐዱት አውራጃዎች አንዱ ማዮ ሆነ። በዚያ ረኃብ በመላው አየርላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህልም አገሩን ትቶ ተሰደደ። ረኃቡ ካለፈ በኋላም መሬቱ የባለርስቶች፥ ገበሬውም ጭሰኛ ስለ ነበረ፥ የአኪል ወጣቶች በየዓመቱ ባሕር ተሻግረው በስኮትላንድ ድንች እየለቀሙ የቤተ ሰባቸውን የመሬት ኪራይ ይከፍሉ ነበር። የማዮ ተወላጅ ማይክል ዳቪት በ1879 ዓ.ም. ገበሬዎችን አስተባብረው የመሬት ማኅበር እንዲቋቋም ያደረጉት ከዚህ ችግር የተነሣ ነው።

በዚያ ዘመን አየርላንድን የሚገዛው የእንግሊዝ መንግሥት ነበር። የአየርላንድ ጉዳይ ዋና ጸሐፊ የነበሩት አርተር ባልፎር በ1889 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት በምዕራቡ ድኻ አገር በመንግሥት ገንዘብ የባቡር መንገዶች እንዲሠሩ አደረጉ። አሳቡ ሁለት ወገን ነበረው። በአንድ ወገን ለሕዝቡ የቀን ሥራ ማስገኘት፥ ዓሣውንና ከብቱንም ወደ ገበያ ማድረስ ነው፤ በሌላ ወገን የመሬት ጥያቄ ያስነሣውን ቍጣ በመልካም ሥራ ማብረድ ነው። ባቡሩ በ1894 ዓ.ም. መጀመሪያ ኒውፖርት ገባ፤ በዚያችም ከተማ ወንዙን ለመሻገር የታነጸው ባለሰባት ቅስት የድንጋይ ድልድይ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። በዚያው ዓመት ማልራኒ ደረሰ፤ በሜይ ወር 1895 ዓ.ም. ደግሞ እስከ አኪል ወሽመጥ ድረስ ተመርቆ ተከፈተ።

ነገር ግን ባቡሩ ከመመረቁ በፊት የኀዘን ሥራ ይጠብቀው ነበር። ጁን 14 ቀን 1894 ዓ.ም. ወደ ስኮትላንድ ለመከር ሥራ የሚጓዙ ከመቶ የሚበልጡ የአኪል ሰዎች፥ አብዛኞቹ ልጃገረዶችና ጕልማሶች፥ በመርከብ ለመሳፈር በሸራ ጀልባ ወደ ዌስትፖርት ወደብ መጡ። ጀልባዋ ወደቡ አጠገብ ስትደርስ ተገለበጠችና 32 ሰዎች ሰጠሙ። ሐዲዱ ገና ሥራው ባይፈጸምም ሬሳቸውን ወደ አገራቸው ለመመለስ ባቡር ተላከ። እንግዲህ ሕዝቡን ከድኽነት ያወጣል የተባለው ባቡር ወደ አኪል መጀመሪያ ያደረሰው የሙታንን ሣጥን ሆነ።

ከ43 ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በስኮትላንድ ኪርኪንቲሎክ በሚባል ስፍራ፥ ድንች ለቃሚዎች ባደሩበት ቤት እሳት ተነሥቶ አሥር የአኪል ወንዶች ልጆች ተቃጠሉ። ከመካከላቸው ታናሹ 13 ዓመቱ ነበር። ሬሳቸው በዚሁ ሐዲድ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የባቡሩም መንገድ በዚያው ወር መጨረሻ ለዘለዓለም ተዘጋ። የሁለቱም መከራ ሰለባዎች በአኪል ደሴት በኪልዳቭኔት መቃብር ተቀብረዋል።

የአገሩ ሽማግሌዎች፥ ብራያን ሩዋ የተባለ የ17ኛው መቶ ዓመት ባለትንቢት፥ እሳትና ጢስ የሚተፉ ባለብረት መንኰራኵር ሠረገላዎች ወደ አኪል እንደሚመጡ፥ የፊተኛውና የኋለኛው ጕዟቸውም ሬሳ ማመላለስ እንደሚሆን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር ይላሉ። ታሪክን የሚመረምር ሰው ይህን ሲሰማ ሊቸኵል አይገባውም። የ1894ቱ ባቡር ከምረቃው በፊት የሄደ ነው፤ የ1937ቱም ሐዲዱ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀን አስቀድሞ የደረሰ እንጂ በትክክል የመጨረሻው አልነበረም። ይሁን እንጂ የትንቢቱን ወሬ በማረም ዋናው ቁም ነገር አይፈርስም። ሁለቱን አደጋዎች ያገናኛቸው የባለትንቢቱ ቃል ሳይሆን፥ በ43 ዓመት ውስጥ ሳይለወጥ የቈየው የአኪል ልጆች ኑሮ ነው። ባቡሩ ሥራ ፈላጊውን ወደ ወደብ አቀለለለት እንጂ ሥራውን ወደ ቤቱ አላመጣለትም።

ከተዘጋ በኋላ ሐዲዱ ተነቀለ፤ መሬቱም በአጠገቡ ላሉት ገበሬዎች ገባ። እነዚህ ገበሬዎች እንደ አያቶቻቸው ጭሰኞች አልነበሩም። ከዳቪት ንቅናቄ በኋላ የወጡት የመሬት ሕጎች፥ ይልቁንም የ1903ቱ ሕግ፥ ጭሰኛው መሬቱን ገዝቶ ባለቤት እንዲሆን አድርገውት ነበር። ስለዚህ ከሰባ ዓመት በላይ ቈይቶ የማዮ አውራጃ ምክር ቤት የድሮውን መሥመር ለብስክሌት ጐዳና ባሰበው ጊዜ፥ መሬቱ በየአጥሩ ተከፋፍሎ በብዙ ባለቤቶች እጅ ይገኝ ነበር።

ምክር ቤቱ በሕግ አስገድዶ መሬቱን አልወሰደም፤ በየቤቱ ሄዶ ፈቃድ ለመነ እንጂ። ባለቤትነቱ የገበሬው እንደ ሆነ ጸንቶ፥ መንገደኛው ብቻ እንዲያልፍ ስምምነት ተደረገ። እንዲህ ያለው ፈቃድ የሰጠው ሰው ሊያነሣው የሚችል ነውና፥ ጐዳናው ዘወትር በጕርብትና ላይ የቆመ ነው። ከኒውፖርት እስከ ማልራኒ ያለው ክፍል በ2010 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ሙሉውን በ2011 ዓ.ም. የማዮ ተወላጅ የሆኑት ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ መረቁት።

የባቡር መሐንዲስ ድካም ለብስክሌተኛ እንዴት እንደሚጠቅም በዚህ ይታያል። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል፥ መሐንዲሱ ኰረብታውን እየቈረጠ፥ ጐድጓዳውንም እየሞላ መሥመሩን አለዝቦታል። ስለዚህ ሕፃንም ሽማግሌም ያለ ብርቱ ድካም ይጓዙበታል። በአንድ ወገን ደሴቶች የተበተኑበት የክሉ ባሕረ ሰላጤ፥ ከማዶውም 764 ሜትር ከፍታ ያለው፥ ምእመናን የሚሳለሙት የክሮ ፓትሪክ ተራራ ይታያል፤ በሌላው ወገን ቡናማው ረግረግና የኔፊን ቤግ ተራሮች ይዘረጋሉ። በጎች በግጦሹ ላይ ተሰማርተዋል። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ፥ ብልኅ መንገደኛ ከአኪል ተነሥቶ ወደ ዌስትፖርት ይነዳል፤ ነፋሱም ከጀርባው ይገፋዋል።

ከዚህ ታሪክ የሥራ ኀላፊም መምህርም ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በ1889 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በለጋስነት የተጻፈ ነበር፤ ግን መሬቱ የማን ይሁን የሚለውን የሕዝቡን ዋና ጥያቄ ሳይመልስ ብረት አነጠፈለት። ሁለተኛው መንገድ የተሠራው ግን ጥያቄው መልስ ካገኘ በኋላ፥ ባለመሬቱ «እሺ» ወይም «እምቢ» የማለት ሥልጣን ይዞ ሳለ ነው። በፊተኛው መንገድ የማዮ ልጆች እየተሰናበቱ ወጡ፤ በኋለኛው ሌላው ዓለም እንግዳ ሆኖ ወደ ማዮ ይገባል። ቢሆንም በዚህ ጐዳና የሚነዳ ሁሉ፥ ለመንኰራኵሩ የተመቸውን ይህን ለስላሳ መንገድ አስቀድመው በሣጥን ያለፉበት እነዚያ የድንች ለቃሚ ልጆች መሆናቸውን ማሰብ ይገባዋል።