ከመርከብ ወደ የብስ በትንሽ ጀልባ፦ ከዘይላ ዳርቻ እስከ ዛሬ

ትልቅ መርከብ ሁልጊዜ እስከ የብስ ድረስ አይጠጋም። ውኃው ጥልቀት ካነሰው ወይም መርከቡ የሚቆምበት የወደብ ግንብ ከሌለ፣ ከዳርቻው ርቆ መልሕቁን ይጥላል፤ ሰውና ዕቃም በትንንሽ ጀልባዎች እየተመላለሰ ይወርዳል። ይህ አሠራር ከባሕር ርቃ በደረቁ ሜዳ ላይ ለተቆረቆረችው ለሲቲ ዞኗ አፍደም ባዕድ ቢመስልም፣ የከተማዋ ታሪክ ከእርሱ ጋር የተሳሰረ ነው።

የዘይላ ችግር

ከባቡር በፊት ሐረርና አካባቢዋ ከባሕር ጋር በዋናነት የሚገናኙት በዘይላ በኩል ነበር። ቡናና ቆዳ በግመል ይወርዳል፤ ጨርቅና ሌላም ሸቀጥ በዚያው መንገድ ይወጣል። ሆኖም የዘይላ ባሕር ጥልቀት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1854 የአረብ ነጋዴ መስሎ በዘይላ በኩል ወደ ሐረር ያቀናው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን፣ 250 ቶን የሚይዝ መርከብ ከማረፊያው አንድ ማይል፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሚሆን ርቀት በላይ መቅረብ እንደማይችል ጽፏል። ባሕሩ በሸሸ ቁጥርም ከከተማዋ ፊት ለፊት ሰፊ አሸዋማ ሜዳ ይገለጥ ነበር።

በዚህ ምክንያት ዕቃው ከመርከብ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ የብስ፣ ከዚያም ወደ ግመል ጀርባ ይተላለፋል። በእያንዳንዱ ዝውውር ጊዜና ገንዘብ ይባክናል፤ ነፋስ ሲበረታም ሥራው ይቆማል።

ከጅቡቲ እስከ አፍደም

ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1888 ገደማ የጅቡቲን ከተማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ሲቆረቁሩ፣ ከዘይላ ይልቅ ለመርከብ የሚመች ማረፊያ አገኙ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 የባቡር መሥመር እንዲዘረጋ ፈቀዱ፤ ግንባታው በ1897 ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ሲቀጥል በኤረርና በአፍደም አልፎ ወደ ሚኤሶ ዘለቀ። የግመል ንግዱ ወደ ባቡሩ በመዞሩ ዘይላ ተዳከመች፤ በሐዲዱ ዳር ያሉ ጣቢያዎች ግን ከተማ ሆኑ።

የዛሬው አሠራር

በአሁኑ ጊዜ በጀልባ መውረድ በብዛት የሚታየው በመዝናኛ መርከቦች ላይ ነው። በግሪክ የሳንቶሪኒ ደሴት ምክንያቱ ከዘይላ የተገላቢጦሽ ነው፤ ባሕሩ እጅግ ጥልቅ በመሆኑ ትልልቅ መርከቦች ከዳርቻው ርቀው ይቆማሉ። ተሳፋሪዎች በጀልባ ወደ አሮጌው ወደብ ከወረዱ በኋላ፣ በገመድ ተሽከርካሪ፣ በአህያና በበቅሎ ወይም በእግራቸው ገደሉን ይወጣሉ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ተሳፋሪው ተራ ይይዛል፤ ሲወጣም ሲመለስም ይመዘገባል። ከመርከቡ ጎን ከተዘጋጀው ዝቅተኛ መድረክ ወደ ጀልባዋ ሲሻገር ሁለቱ እጆቹ ነጻ መሆን አለባቸው፤ ሠራተኞች ክንዱን ይይዙታል። ሞገዱ ጀልባዋን ከመድረኩ እኩል ሲያደርጋት በአንድ እርምጃ ይሻገራል፤ መዝለል ክልክል ነው። የመጨረሻዋ ጀልባ የምትመለስበት ሰዓት አስቀድሞ ይነገራል። ባሕሩ ከተናወጠ ካፒቴኑ ማውረዱን ይሰርዛል፤ መንገደኛው የከፈለበትን ከተማ ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

ጥንቃቄ የሌለው ጉዞ

የብዙ ኢትዮጵያውያን የጀልባ ጉዞ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። ሥራ ፍለጋ በኦቦክ በኩል ወደ የመን የሚሻገሩ ወጣቶች ከአቅም በላይ በተጫኑ ጀልባዎች ይሳፈራሉ። አደጋው ባሕሩን በማቋረጥ ብቻ አያበቃም፤ ብዙ ሰው ያለቀው የብስ ከታየ በኋላ ነው። ደላሎች በጠባቂዎች እንዳይያዙ ሲሉ ተሳፋሪዎችን ከዳርቻው ርቀው ወደ ባሕር ያስወርዳሉ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ከ100 የሚበልጡ ሶማሌያውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በየመን ሻብዋ ዳርቻ በዚህ መልክ ተገድደው ወርደው፣ 50 ያህሉ መስጠማቸውን የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ገምቷል። በኦክቶበር 2024ም 310 ሰዎችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ባሕር ላይ አደጋ ደርሶባቸው ቢያንስ 45 ሰዎች ሞተዋል።

ዋና የማይችል ሰው በደረቱ ልክ በሆነ ውኃ ውስጥም ሊሰጥም ይችላል፤ ሞገድ ያንገዳግደዋል፣ የራሰ ልብስና ሻንጣ ወደ ታች ይስበዋል። የሕይወት አድን ጃኬት የሌላት፣ የተሳፋሪው ቁጥር ያልተመዘገበባትና በሌሊት ተደብቃ የምትነሳ ጀልባ አደገኛ መሆኗን ለማወቅ የባሕር ሰው መሆን አያስፈልግም። ከቤተሰቡ የሚለይ ወጣትም ሆነ ለጉዞው ከብት የሚሸጥ አባወራ፣ ገንዘቡ ከእጁ ከመውጣቱ በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች መጠየቅ ይኖርበታል።