የ532 ነገር

የምኒልክን ሐውልትና የአራዳ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተሳስር አንድ ቀን አለ፤ እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። በ23 ጊዮርጊስ እንደሚውል አገር ያውቃል። ያ እሑድ የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት፣ መጻጉዕ፣ እንደ ነበረ ግን ስለ አድዋ ሲወራ ብዙም አይነሣም። እኔም በባሕረ ሐሳብ ቆጥሬ ነው የደረስኩበት።

ቁጥሩ አያስቸግርም። 5500 ዘመነ ፍዳን በ1888 ላይ ብንደምር 7388 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 16 ይተርፋል፤ አንዱን ስናነሣለት ወንበሩ 15 ነው። 15 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 15፣ መጥቅዑም 15 ይሆናል። ከዚያ ተነሥተን ነነዌን ጥር 19፣ ፋሲካን መጋቢት 28 ቀን እናገኛለን። ከዚህ ፋሲካ አምስት ሳምንት ወደ ኋላ ብንቆጥር የካቲት 23 ላይ እናርፋለን።

ታዲያ እንዲህ ያለው ዓመት መቼ ይመለሳል? ሊቃውንቱ በ532 ዓመት ይላሉ፤ ዐቢይ ቀመር ማለት ይኸው ነው። 532 የ4፣ የ7 እና የ19 ብዜት ነው። አራቱ የወንጌላውያን ዘመናት፣ ሰባቱ ዕለታት፣ አሥራ ዘጠኙ የጨረቃ ዓመታት ናቸው። ሦስቱ ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው አንዱ የሌላውን መንገድ አያሳጥርም። አራትና አሥራ ዘጠኝ በ76 ዓመት ይገናኛሉ፤ ይህም ማዕከላዊ ቀመር ይባላል። ዕለቱም እንዲገጥም 76ን ሰባት ጊዜ መጠበቅ ግድ ነው።

2000 ዓ.ም.ን እንይ። ከአድዋ 112 ዓመት፣ ማለትም አራት ጊዜ 28። ዘመኑ እንደ 1888 ዮሐንስ፣ መስከረም 1 ረቡዕ፣ የካቲት 23 እሑድ ነበር። ግን መጻጉዕ አልነበረም፤ ጾሙ ገና የሚገባበት ዘወረደ ነበር። ፀሐይ ስትመለስ ጨረቃዋ አልተመለሰችም።

1972 ደግሞ የባሰ አሳሳች ነው። 84 ዓመት፣ ሦስት ጊዜ 28። ዮሐንስ፣ ረቡዕ፣ እሑድ፣ መጻጉዕ፣ ፋሲካ መጋቢት 28፤ ሁሉም ገጠመ። አበቅቴው ግን 14 ነው! አንዲት ቀን ጎደለች። (የሮማ ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ በዚሁ በ84 ዓመት ዑደት ትቆጥር ነበር።) ሳይጎድል የሚመለሰው በ2420 ዓ.ም. ነው።

ይህን ቁጥር ለእኛ ብቻ የተገለጠ ምሥጢር አድርገው የሚያወሩ ሰዎች አሉ። አልስማማም። እስክንድርያ ውስጥ አንያኖስ የተባለ መነኩሴ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የ532 ዓመት ሠንጠረዥ አውጥቷል። በምዕራብም የአኩይታኑ ቪክቶሪዮስ በ457 እ.ኤ.አ. እንዲሁ አድርጓል። ምዕራቡ ዓለም በ1582 እ.ኤ.አ. ስሌቱን ለውጦ ትቶታል። በእኛ ዘንድ ግን ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በየመስከረም 1 በቤተ ክርስቲያን የሚታወጁት በእርሱ ነው። ምሥጢር ብለን ስናከብረው ነው እንጂ፣ ማካፈል የሚያውቅ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሊሠራው ይችላል። አለማስተማራችን ይቆጨኛል።

እኛ ያለነው በአሥራ አምስተኛው ቀመር ነው። አሥራ አራተኛው በ1417 ዓ.ም.፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት ገብቶ በ1948 አልቋል። ይህኛው መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ጀመረ፤ የሚዘጋውም በ2480 ጳጉሜን ነው።