ቅድመ ማኅተም፦ የአሜሪካ ቴምብሮች ታሪክና የመለያ ዘዴያቸው

ቴምብር በልማዱ ማኅተም የሚመታበት በፖስታ ላይ ተለጥፎ ፖስታ ቤት ከደረሰ በኋላ ሲሆን፣ ዓላማውም ዳግመኛ እንዳያገለግል ማድረግ ነው። በአሜሪካ ግን የመጽሔት አሳታሚዎችና ዕቃ በፖስታ የሚሸጡ ድርጅቶች በአንድ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር መልእክት መላክ በመጀመራቸው እያንዳንዱን መምታት ለሠራተኞች ከባድ ሸክም ሆነ። በዚህም ምክንያት ቴምብሩ ገና ከሉሁ ሳይቀደድ ማኅተሙ እንዲያርፍበትና ፈቃድ ላላቸው ላኪዎች እንዲሸጥ ተደረገ፤ በዚህ ጽሑፍ «ቅድመ ማኅተም» የተባለው ይህ አሠራር ነው። ማኅተሙ በአብዛኛው የከተማውንና የክፍለ ግዛቱን ስም በሁለት አግድም መስመሮች መካከል ይይዛል።

ለየት ያለ ቴምብር ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚመረመረው ማኅተሙ የት እንደታተመ ነው። በዋሽንግተን የሚገኘው የመንግሥት ማተሚያ ቢሮ በ1916 እ.ኤ.አ. ለኦጋስታ፣ ለኒው ኦርሊንስና ለስፕሪንግፊልድ ከተሞች በሙከራ ያተመ ሲሆን፣ መደበኛ ሥራውን የጀመረው በ1923 ነው። የቢሮው ኅትመት በማሽን ይከናወን ስለነበር ፊደሉ ጥርት ያለ፣ አቀማመጡም ወጥ ነው። የአካባቢ ፖስታ ቤቶች ግን በብረት ሰሌዳ ወይም በጎማ ማኅተም በየራሳቸው ይሠሩ ስለነበር፣ ቀለሙ አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ይሳሳል፣ መስመሩ ይጣመማል፣ የከተማውም ስም አንዳንዴ በሁለት ቴምብሮች ላይ ተከፍሎ ያርፋል። ተገልብጦ የታተመ ማኅተምም በአካባቢ ሥራ ላይ ሉሁ ዞሮ ከመቀመጡ በቀር ሌላ ምክንያት የማያሻው የተለመደ ነገር ስለሆነ፣ መገልበጡ ብቻ ቴምብሩን ብርቅ አያደርገውም።

ሁለተኛው ምርመራ ዘመንን ይመለከታል። ከ1938 ጀምሮ ዋጋቸው ከ6 ሳንቲም በላይ በሆኑ ቴምብሮች ላይ የተጠቃሚው ድርጅት ስም የመጀመሪያ ፊደላት፣ እንዲሁም ወሩና ዓመቱ እንዲታከሉ የታዘዘው ቴምብሩ ተነቅሎ ዳግም እንዳይለጠፍ ለመከላከል ነበር። የክፍለ ግዛት ስም በሁለት ፊደላት ማሳጠር ደግሞ የተጀመረው በ1963 ነው፤ ስለዚህ ማሳቹሴትስን በሁለት ፊደላት ብቻ የጻፈ ማኅተም በ1920ዎቹ በወጣ ቴምብር ላይ ቢገኝ፣ ማኅተሙ ቴምብሩ ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተመታ መሆኑ ግልጽ ይሆናል። የቆዩ የአሜሪካ ቴምብሮች ለመላኪያ ማገልገላቸውን ስለማያቆሙ እንዲህ ያለው ጥምረት በራሱ የሐሰት ማረጋገጫ አይደለም፤ ሆኖም ለእውነተኛ መልእክት ሳይሆን ለሰብሳቢ ሲባል የተመታ ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ መታየት አለበት። ቢሮው ደግሞ ከ1978 ጀምሮ የከተማ ስም መጻፍ ትቶ መስመሮቹን ብቻ ማተም ያዘ።

እነዚህ ምልክቶች ተዋሕደው ሲነበቡ የአንዲት ከተማን የንግድ ታሪክ ይመሰክራሉ፤ የቴምብሩ መውጫ ዓመት፣ የማኅተሙ አሠራርና የዘመኑ ደንብ እርስ በርስ መስማማታቸው ሳይረጋገጥ ግን ማንኛውንም ቴምብር ብርቅ ብሎ መሰየም ተገቢ አይሆንም።